የእትዬ የሺ ሁለት ስልኮች

አዲሱ ተከራይ ዕቃውን አስገብቶ እንኳ ሳይጨርስ ወደ ሱቃችን መጣ።

«እትዬ፣ ከእኔ በፊት እዚያ ቤት የነበረው ሰው ሥራው ምን ነበር?» ብሎ እናቴን ጠየቃት።

«ሹራብ ትሠራ ነበር። ምነው?»

«ግድግዳው ላይ ሁለት የስልክ መስመር አለ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት! እኔማ ደላላ ነገር መስሎኝ ነበር።»

እናቴ የምትመዝነውን ክር ሚዛኑ ላይ ትታ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። «ጆሮዋ አይሰማም» አለችው። «ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ።»

ሰውየው እናቴን አየ፣ ደግሞ እኔን አየ። «ታዲያ ሁለቱ ስልክ ለማን ነው?»

«እሱን ሀያት ትንገርህ» አለችና ወደ ሚዛኗ ተመለሰች።

እኔ ግን ቆሜ ልነግረው አልሆነልኝም። «ነገሩ ጥቅል ነው» ብቻ አልኩት። «አሃ፣ ጥቅል!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሱም ኢንተርኔት ሊያስገባ አስቦ ነው መሰለኝ። ምስኪን።

ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። የአማርኛ መምህራችን ጽሑፌን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ደብተር ባገኘሁ ቁጥር እጽፋለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ! ጽሑፍ ያስተማረችኝ ደግሞ ያቺው የሁለቱ ስልኮች ባለቤት ናት። እትዬ የሺ አልሞተችም። ይህን ቀድሜ ልበል፤ ሰፈራችን ሰው ሲሄድና ሰው ሲሞት ፊቱ አንድ ዓይነት ስለሚሆን እንዳትደነግጡ። ሄደች እንጂ አልሞተችም።

ሌላም ልበል። «አለች፣ ሄደች» እያልኩ ስጽፍ ባለጌ እንዳልባል። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ የእናቴ ታላቅ የምትሆን ሴት ናት። ግን እሷ ባስተማረችኝ የምልክት ቋንቋ ሰውን የምጠራው ጣቴን ወደ እሱ በመጠቆም ነው፤ ለጳጳስም ለሕፃንም ያው አንድ ጣት። መጀመሪያ ቀን ጣቴን ወደ እትዬ የሺ ስጠቁም እናቴ እጄን በጥፊ መታችው። «ትልቅ ሰው ላይ ጣት ይቀሰራል?» እትዬ የሺ ሳቀች፣ ከዚያ የእናቴን እጅ ያዘችና የእናቴን ጣት ዘርግታ ወደ ራሷ አስቀሰረቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ «አንቺ» ናት።

አባቴ የክር ነጋዴ ነው። እትዬ የሺ ክር የምትገዛው ከእኛ ነበር፤ የምትኖረውም ከሱቃችን ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ። ደብረ ማርቆስ ብርዷን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የትምህርት ቤቶቹን ሰማያዊ ሹራብ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ እኔም የለበስኩት የእሷን ነው። ሁለቱ መርፌዎች እጇ ላይ ካሉ እትዬ የሺ ዝም ብላለች ማለት ነው፤ እጇ ሥራ ላይ ነዋ። መርፌዎቹን ጉልበቷ ላይ ካስቀመጠች ልትናገር ነው፤ ሁሉም ሰው ቀና ይላል። ተናግራ ስትጨርስ መርፌዎቹን ታነሣለች። ካነሣች በኋላ ብትለምናትም፣ ፊቷ ቆመህ ብትዘፍንም፣ ነገሩ ተዘግቷል።

ምልክት ለማያውቅ ሰው በአንገቷ ላይ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ በክር አንጠልጥላ ትዞር ነበር። እሷ ትጽፋለች፣ ሰውየውም እዚያው ይጽፋል። ከሞሉት ደብተሮች አራቱ አሁን እኔ ጋ ናቸው። ሳነባቸው ከተማው በሙሉ የተሰለፈ ይመስለኛል፤ የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ጽሕፈት፣ የሐኪሙ የማይነበብ ጽሕፈት፣ በመሀል የእሷ ቀጥ ያሉ ፊደላት። አንድ ገጽ ላይ አንድ ሰው «እንዴት ነው ሳትሰሚ የምትኖሪው?» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ «አንተ ሳታይ እንደምትኖረው» ይላል።

ድምፅ አውጥታ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። በልጅነቷ ከታመመች በኋላ ስትናገር ልጆች ሳቁባት፤ አፏን ዘጋችው፤ በዚያው ቀረ።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ ትዕግሥት የምትባል። ትዕግሥት ትሰማለች፤ ግን አፏን የፈታችው በእጅ ነው። አግብታ ሐዋሳ ሄደች፣ ከዚያ አረገዘች። በዚያ ጊዜ በከተማችን የሞባይል ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። መንገዱም አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ኢንተርኔት የነበረው በቤት ሽቦ ብቻ ነው፤ በእኛ ሰፈር ሽቦ የዘረጋው ደግሞ አንድ ድርጅት ብቻ።

«ለምን በስልክ ጽሑፍ አትላላኩም?» አልኳት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ሁሉን ያወቅሁ የመሰለኝ።

መርፌዎቿን አስቀመጠች። «ለትዕግሥት ይበቃል። የሚወለደው ልጅ ማንበብ ይችላል?» አለችኝ በእጇ። «ሕፃን ቋንቋ የሚይዘው በመጀመሪያው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት እጄን ካላየ፣ ሲያድግ እኔና እሱ በአስተርጓሚ ነው የምንነጋገረው። የራሴ የልጅ ልጅ እንግዳ ይሆንብኛል።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ፊልም ልታይ አልነበረም። ከአንድ ሕፃን ጋር ቋንቋ እንዲኖራት ነበር።

መጀመሪያ ብቻዋን ሄደች ወደ ድርጅቱ ቢሮ። የወረፋ ቁጥር ሰጧት። ቁጥሩ የሚጠራው በድምፅ ማጉያ ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀምጣ ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች። በማግሥቱ እኔን ይዛኝ ሄደች። ቁጥራችን ሲጠራ ጎሸም አደረግኋትና ተነሣን።

መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ሴት ቀጭን ናት፣ ነጠላዋን ሁለት ዙር አንገቷ ላይ ጠምጥማ። እትዬ የሺ ደብተሩን በመስታወቱ ሥር አስገባችላት፦ «የቤት ኢንተርኔት ብቻ። ስልክ አልፈልግም።»

ሴትየዋ አነበበችና ጮክ ብላ፣ «እናቴ፣ ጥቅል ነው! አብሮ ነው የሚመጣው! ስልኩ፣ የድምፅ ደቂቃው፣ ኢንተርኔቱ፤ አንድ ላይ!»

«አትሰማም» አልኳት።

ይባስ ጮኸች። «ጥቅል ነው!»

«እህቴ፣ መጮኹ አይጠቅምም። ስልኩን አንሡላትና ኢንተርኔቱን ስጧት። ደቂቃውን ምን ታደርገዋለች?»

«እኔ ማንሣት አልችልም። ሲስተሙ ነው። የስልኩ ቁጥር ካልተሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። ነይ እዪው» አለችና ስክሪኑን አዞረችልኝ። እውነቷን ነው፤ አንድ ቀይ መስመር «ይህ ቦታ መሞላት አለበት» እያለ ይጮሃል።

«ሌላ ድርጅት ጋ ብንሄድስ?»

ሴትየዋ ሳቀች፤ በእኛ ሳይሆን አብራን የምትስቅ ዓይነት። «የት አለና?»

ስንወጣ ተናድጄ ሰማይና ምድሩ ዞሮብኝ ነበር። «ይቺ ሴትዮ!» እያልኩ በእጄ ስራገም እትዬ የሺ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ገጹ አሁንም አለ፦ «አትሳደቢ። መስታወቱን አላየሽም? እኛ ወጥተናል፤ እሷ እስከ ማታ እዚያ ውስጥ ናት። በር ላይ ያለው ነፋስም ይመታታል።» በሚቀጥለው ወር ለመስኮት ሦስቷ ሴት ቡናማ ሹራብ ሠርታ በመስታወቱ ሥር አስገባችላት። ሲስተሙ ያንን አሳለፈው።

እንግዲህ ስልኩ ገባ። ነጭ፣ ባለ ገመድ፣ ሲደወል ጥግ ላይ ቀይ መብራት የምታበራ። እትዬ የሺ የክር ቅርጫቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ከስልኩ ጋር በየወሩ የድምፅ ደቂቃ ይመጣል፤ ወሩ ሲያልቅ ይቃጠላል። ይህ አናደዳት። ቁራጭ ክር እንኳ የማትጥል ሴት ናት፤ ከትርፍራፊው የሕፃን ካልሲ ትሠራለች። «የከፈልኩበት ነገር ቤቴ ውስጥ አይበሰብስም» አለች፤ ሰፈሩን ጠራች።

በወሩ መጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ እሷ ቤት ይሰበሰባል፣ ደቂቃውን ሊጨርስላት። የጡረተኛው ሾፌር ጋሼ ውብሸት «የደቂቃ ማኅበር» ብለው ስም አወጡለት፤ እንደ እውነተኛ ማኅበር አንዱ ቆሎ፣ አንዱ ዳቦ ይዞ ይመጣል። እናቴ ሱቁን ዘግታ ትመጣለች። የማትሰማ ሴት መሀል ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፣ ዙሪያዋን ሰው ተራ በተራ በስልክ ይጮሃል። ኦ፣ ያንን ባያችሁት!

ችግሩ ደቂቃው አያልቅም። ሰው የሚደውልለት ዘመድ ያልቅበታል። ጋሼ ውብሸት አንድ ቀን ደምበጫ ላሉ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ፈረስ ለሸጡላቸው ሰውዬ ደወሉ።

«ጤና ይስጥልኝ! ውብሸት ነኝ! ፈረሱን ከአንተ የገዛሁት!... ኧረ የለም፣ ፈረሱማ ሞቷል!... የለም የለም፣ ብር ልጠይቅህ አይደለም! ደቂቃ አለን!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ የሺ ሳቃችንን አይታ ሳቀች፤ ምን እንደተባለ ሳትጠይቅ። ከዚያ ጋሼ ውብሸት ለወንድማቸው ደወሉ፣ «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» እያሉ አወሩና ስልኩን ዘጉ። እትዬ የሺ መርፌዎቿን አስቀመጠችና ደብተሯ ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው፦ «ስለ ጉልበትህ ለምን አልነገርከውም?»

ጋሼ ውብሸት ደብተሩን አራቁት፣ አቀረቡት። «ይቺ ሴትዮ ጠንቋይ ናት!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ስልኩን መልሰው አነሡ። «አንተ ወንድሜ፣ የደበቅሁህ ነገር አለ...» እያሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሰው ስልክ ሲያወራ ፊቱን የሚጠብቅ የለም፣ ትለኝ ነበር። ለዚያ ነው ሁሉም ነገር ፊቱ ላይ የሚወጣው።

ሕፃኗ ተወለደች። ናርዶስ አሏት። እትዬ የሺ የእጅ ስልኳን በሁለት የክር ኳሶች መሀል አቁማ በየቀኑ ልታያት ትቀመጣለች። ግን የገዛነው ትንሹን ጥቅል ነበርና ምስሉ ይቆማል። የሚሰማ ሰው ምስሉ ቢቆም ድምፁን ይሰማል፤ የጎደለውን በዚያ ይሞላል። የእጅ ቋንቋ ግን ምስሉ ከቆመ ሰውየው መሀል ቃል ላይ ታንቆ ቀረ ማለት ነው። የትዕግሥት እጅ አየር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ሲመለስ ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እትዬ የሺ ስክሪኑን በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች፣ እንደ ተኛ ሰው።

ፍጥነት ያስፈልጋል ተባለ። ፍጥነት ብቻውን አይሸጥም። ፈጣኑ ጥቅል ከብዙ ደቂቃ ጋር ነው የሚመጣው፤ የስድስት ወር ውልም አለው። ትንሹ ጥቅል በወር ሦስት ሹራብ ይበላ ነበር፤ ትልቁ ሰባት። «ለእጄ ብዬ ድምፅ እገዛለሁ» አለች፤ ተስማማች። እንግዲህ ተስማማች ካላችሁ አለቀ ብላችሁ ይሆናል። መስኮት ሦስቷ ሴት፣ ሹራቡን ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «አንድ ነገር አለ» አለችን። «ለማረጋገጥ በመስመሩ ላይ ይደወላል። የመስመሩ ባለቤት ራሳቸው አንሥተው ካልመለሱ ጥያቄው ይሰረዛል።»

«ባለቤቷ አትሰማም!»

«አውቃለሁ ሀያትዬ። ግን የሚደውሉት ሌላ ከተማ ነው። እኔን አይሰሙኝም።»

ሁለት ጊዜ ተደወለ፤ እኔ ትምህርት ቤት፣ እናቴ ሱቅ። በግድግዳው በኩል ሲጮህ እናቴ ሰምታ ሮጣለች፤ እስክትደርስ ዘግተዋል። ሁለት ጊዜ ተሰረዘ።

ያኔ ነው ጽሑፍ የጀመርኩት። ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ! «ባለሁበት ሆኜ እጅ እየነሣሁ» የሚል ነበረው፣ «ክቡርነትዎ» ሰባት ጊዜ ነበረው፣ እንባ ነበረው። ኮርቼ ሰጠኋት። አነበበች። መርፌዎቿን አስቀመጠች። እስክሪብቶዋን አወጣችና መሰረዝ ጀመረች፤ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ልቤ እየተቀደደ፣ መስመር በመስመር። የቀረው ይህ ነው፦ «አልሰማም። የምናገረው በእጄ ነው። እባካችሁ ድምፅ አትሽጡልኝ፤ ኢንተርኔት ብቻ ሽጡልኝ።»

ከሥሩ ለእኔ ጻፈችልኝ፦ «ብዙ ከለመንሽ የሚያዩት ልመናውን ነው። የምትፈልጊውን አንድ ጊዜ ተናገሪ፤ ከዚያ እጅሽን አሳርፊ።»

ይህን እስከዛሬ እሞክራለሁ። እንደምታዩት ገና አልቻልኩበትም።

መልስ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ ማኅተም ያለበት። «ማመልከቻዎ ደርሶናል። ውሳኔውን በስልክ እናሳውቅዎታለን።»

አባቴ ሲያነበው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። እትዬ የሺ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን አጥፋ የክር ቅርጫቱ ውስጥ ከተተችው።

ጥያቄውን ለሦስተኛ ጊዜ አስገባች። በዚህኛው ጊዜ ከስልኩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሹራብ ለመሥራት ዓይን አያስፈልጋትም፤ ዓይኗን ቀይዋ መብራት ላይ ተከለች። አራት ቀን። ገበያ አልወጣችም፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፤ ምግብ እናቴ ታስገባላታለች። በመስኮት ሳያት በገዛ ቤቷ እስር ቤት የገባች መሰለችኝ፤ ጠባቂዋ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል መብራት።

በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ጉንጯ ቀልቷል።

«በራች» አለችኝ። «አነሣሁት። ትንሽ ጠበቅሁ። ‹አዎ› አልኩ።»

«በአፍሽ?»

«በአፌ። ትንሽ ጠበቅሁ፤ ደግሞ ‹አዎ› አልኩ። ሰባት ጊዜ።»

«ስምሽን ቢጠይቁሽስ?»

«‹አዎ› ብያለሁ።»

ተቃቅፈን ሳቅን። በሦስተኛው ቀን የመስመር ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ፈጣኑን ኢንተርኔት አስገባ። ከዚያ ከቦርሳው ሌላ ነጭ ስልክ አወጣና ግድግዳውን መብሳት ጀመረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሁለተኛ መስመር። ‹ሁለተኛ መስመር ይጨመርልዎ?› ተብለው ‹አዎ› ብለዋል። ከእጥፍ ደቂቃ ጋር። ድምፃቸው ተቀርጿል።»

«አትሰማም እኮ!»

ሰውየው መሰላሉ ላይ እንዳለ ወደ እትዬ የሺ ዞረ፤ መሰርሰሪያውን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ... ቃላቸውን ሰጥተዋል» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀዳዳውን ጨረሰ። ምን ያድርግ?

ለትዕግሥት በቪዲዮ ደውላ ሁለቱን ስልኮች ግራና ቀኝ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አሳየቻት። ትዕግሥት ማዶ ሆና በሳቅ ስትንፈራፈር ምስሉ አልቆመም፤ አንዴም አልቆመም! ያኔ ማንንም የምታሳዝን አልመሰለችኝም።

በፈጣኑ ኢንተርኔት ናርዶስ እጅ ማየት ጀመረች። በምልክት ቋንቋ ሰው ሁሉ የእጅ ስም አለው። የእኔ ቅንድብ ላይ ሁለት ጣት ነው፤ ሳወራ ስለማነሣው። የእትዬ የሺ ደግሞ ሁለት ሌባ ጣቶች ተጋጥመው ፈተግ ፈተግ ማለት ነው፣ እንደ ሹራብ መርፌ። «መጀመሪያ የምትለው እኔን ነው፤ ታያለሽ» ትለኝ ነበር። በየቀኑ ስክሪኑ ፊት ጣቶቿን እያጋጨች ታሳያታለች። ሕፃኗ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች፣ ታወጣለች፣ ታያታለች።

ከዚያ ሌላኛው ነገር ተገለጠ። ጥቅሉ የኢንተርኔት ልክ አለው። በእጅ የሚያወራ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ምስል ነው የሚበላው፤ ወሩ ሳይጋመስ ልኩ ያልቅና ፍጥነቱ ይሞታል። ደቂቃው ግን ተከምሮ ይቀራል። ማኅበሩ በሁለት ስልክ ቢጮህም አይጨርሰውም። እንደገና መስኮት ሦስት ሄድን።

«ደቂቃውን ውሰዱና ኢንተርኔት ስጧት» አልኩ። «በምን ሒሳብ እንደፈለጋችሁ። አሥሩን በአንድም ቢሆን።»

«አይቀየርም» አለች ሴትየዋ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ሀያትዬ፣ እኔ ብችል...»

እትዬ የሺ በመስታወቱ ላይ መዳፏን አሳረፈችላት። መውጫው ላይ ደርሰን እንኳ ሴትየዋ የሚቀጥለውን ቁጥር አልጠራችም ነበር።

ናርዶስ አሥራ አንደኛ ወሯን በያዘች ጊዜ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱን ሌባ ጣቶቿን አወጣች። አቀረበቻቸው። አንዷ ጣት ወደ ሌላዋ እየሄደች፣ እየሄደች፣ ምስሉ ቆመ።

ሊነኩ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ጠበቅን። እትዬ የሺ ስክሪኑን መታ መታ አደረገችው። ትዕግሥት በጽሑፍ «አየሽ? አየሽ?» እያለች ትልካለች። አላየንም። ያየነው ያልተነካኩ ሁለት ጣቶች ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ስልክ ተቀምጦ፣ ማንም የማይጨርሰው ደቂቃ ሞልቶ።

ወሩ ታድሶ ምስሉ ሲመለስ ናርዶስ ስክሪኑን አይታ ፊቷን እናቷ አንገት ሥር ደበቀች። እንግዳ ሰው ሲመጣ እንደምታደርገው።

እትዬ የሺ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየች። ከዚያ መርፌዎቿን አነሣች። በማግሥቱ ደብተሯ ላይ ለአባቴ ጻፈችለት፦ «የትምህርት ቤቱን ሹራብ ጨርሼ እሄዳለሁ። የቀረውን ክር መልሰህ ግዛኝ።»

«የሺ፣ ቤትሽን? ደንበኞችሽን? እዚያ ማን ያውቅሻል?» ብሎ ጻፈላት።

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ቤት ትቼ በልጄ ክፍል ጥግ ልቀመጥ ነው» ይላል መልሷ። «ደስ ብሎኝ አይደለም። በወር አሥራ ሁለት ቀን ብቻ የምትታይ አያት ሕፃን አያውቅም።» ገጹ ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ከሄደች በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥት ለአባቴ ስልክ አንድ ቪዲዮ ላከች። በአንድ ጎረቤት የቤት ሽቦ ለመውረድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ናርዶስ ቆማ እየተንገዳገደች ሁለቱን ጣቶቿን ታጋጫለች፤ ፈተግ፣ ፈተግ። በእናቴ ፊት አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

ግን እኔ እሷን ሳስብ የሚመጣብኝ ከመሄዷ ሁለት ቀን በፊት ያለው ከሰዓት ነው። የስድስት ወሩ ውል አልቋል፤ መስመሩ ካልተዘጋ ሐዋሳም ብትሆን ክፍያው ይከተላታል። ለመዝጋትም ያው ነው፤ ይደወላል፣ ባለቤቷ ራሷ ትመልሳለች። መስኮት ሦስቷ ሴት የሚደወልበትን ቀን አጣርታ ነገረችን፤ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀረሁ። ዕቃው ታስሯል። የቀሩት ሁለቱ ስልኮች፣ አንድ በርጩማ፣ እና መርፌዎቿ ላይ ያለች ቀይ የሕፃን ሹራብ ናቸው።

ቀይዋ መብራት በራች። አነሣሁና የድምፅ ማጉያውን ተጫንኩት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ የሺ ነዎት?»

«እኔ ጎረቤቷ ነኝ። እሷ አትሰማም፤ ማመልከቻው ላይ ተጽፏል።»

«ይቅርታ፣ ጥሪው ይቀረጻል። መልሱ የባለቤቷ መሆን አለበት።»

«እሺ፣ እኔ በእጅ እነግራታለሁ፤ እሷ ትመልስልዎታለች።»

«...ይሞክሩ።»

እትዬ የሺ መርፌዎቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱም መስመሮች ይዘጉ ወይ፣ አልኳት በእጄ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«አዎ» አለች።

ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የትልቅ ሴት ድምፅ አልነበረም። ረዘም ያለች፣ መጨረሻዋ ወደ ላይ የምትወጣ «አዎ» ናት፤ እናቷ ከሩቅ የጠራቻት የሰባት ዓመት ልጅ የምትመልሳት ዓይነት። ድምፅዋ እዚያው ዕድሜ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

«እሺ። የሚያቋርጡበት ምክንያት? ዋጋ፣ ጥራት፣ የአድራሻ ለውጥ ወይስ ሌላ?»

አራቱን መዘርዘር ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አንጓዬን ያዘችኝ። እንደገና ጎንበስ አለች።

«በቃኝ።»

«ምን አሉ?»

«በቃኝ ነው ያሉት» አልኩ።

«እሱ ምርጫው ውስጥ የለም።»

«‹ሌላ› በሚለው ውስጥ ይጻፉት።»

የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፤ እየጻፈ ነው። «እሺ፣ ተመዝግቧል። እንግዲህ ከመዝጋታችን በፊት፣ ለነባር ደንበኞቻችን ያዘጋጀነው አዲስ ጥቅል አለ። ሦስት የስልክ መስመር...»

ልነግራት እጄን አንሥቼ ወደ እሷ ዞርኩ።

መርፌዎቿን አንሥታ ነበር።